ዐፄ ቴዎድሮስና ልጃቸው ዓለማየሁ

ክርስቲያን አባት ልጁን በሃይማኖት ማሳደግ እንደሚገባው ሁላችንም እናውቃለን፣ እናስተምራለንም። ነገር ግን አባት ከቤቱ ሲታጣ በልጁ ላይ የሚደርሰውን ለማየት የሚፈልግ ሰው፣ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ ከዚህ አንጻር ቢመለከተው ብዙ ይማርበታል።

ዛሬ ገለጉ መቀመጫዋ በሆነችው በቋራ አገር በ1811 ዓ.ም. ገደማ ካሣ ተወለደ። አባቱ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እናቱም ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ነበሩ። አባቱ ልጁ ለአቅመ አዳም ሳይደርስ ስለ ሞተ እናቲቱ ወደ ጎንደር ሄዳ በችግር ኖረች፤ ኮሶ እየሸጠች አሳደገችው ይባላል። ይህ ኋላ በጠላቶቻቸው አፍ ስድብ ሆነ። እኔ ግን ለዚህች ሴት ምስጋና እንጂ ስድብ አይገባትም እላለሁ፤ በዚያ ድህነት መካከል ልጇ ከትምህርት እንዲቀር አላደረገችምና። የጢሞቴዎስም አባት ግሪካዊ ስለ ነበረ፣ ሃይማኖትን የወረሰው ከአያቱ ከሎይድና ከእናቱ ከኤውንቄ ነው።

ካሣ በጎንደርና በጣና መካከል ወዳለው ወደ ተክለ ሃይማኖት ገዳም ገብቶ ፊደል ቆጠረ፣ ዳዊት ደገመ። ገዳሙ በዘመነ መሳፍንት ጦር ሲወረርና ሕፃናቱ ሲታረዱ እርሱ አምልጦ ከዘመዱ ከደጃዝማች ክንፉ ዘንድ ተጠጋ። ከዚያ በኋላ ያለው ጦርነት ሁሉ የታወቀ ስለ ሆነ አልዘረዝረውም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተባሉ። በልጅነት የተማሩት ግን አልጠፋባቸውም፤ መጻሕፍትን ማወቃቸውን ያዩ የውጭ አገር ሰዎች ሳይቀሩ ይደነቁ ነበር።

ከወይዘሮ ተዋበች ጋር በቁርባን ተወስነው ኖሩ፤ ሰውም ቁባቱን ትቶ በሕግ ሚስት እንዲጸና አዘዙ። ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ካረፈች በኋላ ግን የዐፄው ቤት እንደ ቀድሞው አልሆነም። የደጃዝማች ውቤን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ፤ ፍቅርም አልሰፈነበትም። በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. የተወለደው ዓለማየሁ ከእናቱ ጋር በመቅደላ ሲያድግ አባቱ አብዛኛውን ዘመን በሰፈርና በዘመቻ ነበሩ። ለሕዝቡ በዐዋጅ የተነገረው ሕግ በገዛ ቤታቸው ሳይጸና ቀረ፤ በዚህ ነገር ንጉሡን ከማመስገን ወደ ኋላ እላለሁ።

እንግሊዞች በስቅለት ዕለት በአሮጌ ተዋግተው ድል አደረጉ። ፋሲካ አልፎ በማዕዶት ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ እጃቸው ሕይወታቸውን አጠፉ። ልጁ ያን ጊዜ ሰባት ዓመቱ ነበር። ወይዘሮ ጥሩወርቅም ከጦሩ ጋር ወደ ባሕር ስትወርድ ታማ በመንገድ ሞተች። እንግዲህ ለልጁ ጾም የሚያስጾመው አባት ቢጠፋ በእርሱ ፈንታ የምትቆም እናትም አልቀረችለትም። ካሣ አባቱን ቢያጣ አትጠገብ ነበረችው፤ ገዳምም ነበረው። ዓለማየሁ ግን ሁሉንም በአንድ ወር አጣ።

ካፒቴን ስፒዲ የተባለ መኮንን ሞግዚት ሆኖ ወደ እንግሊዝ አገር ወሰደው፤ ንግሥት ቪክቶሪያም በርኅራኄ ተቀበለችው። በቼልትንሃምና በራግቢ፣ ኋላም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ተማረ። የሚበላውና የሚለብሰው አልጎደለም። ነገር ግን በአማርኛ አባታችን ሆይን አብሮት የሚደግም፣ የዓርብንና የረቡዕን ጾም የሚያሳስበው ሰው በቤቱ አልነበረም፤ የእናቱ ቋንቋም ከአፉ ጠፋ።

በኅዳር 1872 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ በሳንባ ሕመም ሞተ፤ ዕድሜው አሥራ ስምንት ነበር። በዊንድዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት አጠገብ በአንግሊካን ሥርዓት ተቀበረ። አያቱ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ቅድመ አያቱም ወልደ ጊዮርጊስ ይባሉ ነበር። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1999 ዓ.ም. ዐፅሙ እንዲመለስ ጠይቆ ነበር፤ ጥያቄው በድጋሚ በቀረበ ጊዜ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. በዚያ ያረፉትን የሌሎችን ዐፅም ሳያውኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ መለሰ።