ዴቪድ ደድሊ ፊልድ

ዴቪድ ደድሊ ፊልድ (እ.ኤ.አ. 1805 – 1894) አሜሪካዊ ጠበቃና ሕግ አርቃቂ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው ለኒው ዮርክ ክፍላገር የፍትሐ ብሔርና የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጎችን በማርቀቁ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልድ በኮኔቲከት ክፍላገር በሃዳም ከቄስ አባት ተወለደ። ከወንድሞቹ አንዱ ሳይረስ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር የቴሌግራፍ ገመድ ያስዘረጋው ነጋዴ ሲሆን፣ ሌላው ስቲቨን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኗል።

በዚያን ጊዜ ኒው ዮርክ ከእንግሊዝ በወረሰችው ኮመን ሎው ትመራ ነበር። ሥርዓቱ በየዳኞቹ ውሳኔ የተበታተነ ስለ ነበር ተራ ሰው ቀርቶ ጠበቃም በቀላሉ አያገኘውም። የወንጀል ክስ በተወሰኑ ጥንታዊ ቃላት መጻፍ ነበረበት፤ በአጻጻፉ ላይ ትንሽ ስህተት ከተገኘ ክሱ ሊወድቅ ይችል ነበር።

በ1847 ፊልድ የሥነ ሥርዓት ሕግ የሚያሻሽለው ኮሚሽን አባል ሆነ። የፍትሐ ብሔሩ ክፍል በ1848 ጸደቀ፤ እስከ ዛሬም «ፊልድ ኮድ» ይባላል። የወንጀሉ ረቂቅ ግን ቢጠናቀቅም በኒው ዮርክ ሳይጸድቅ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆየ። የሚገርመው ሩቋ ካሊፎርኒያ መቅደሟ ነው፤ በ1851 የምክር ቤት አባል የነበረው ስቲቨን የወንድሙን ሥራ መሠረት አድርጎ ሕግ አስወጣ።

ኒው ዮርክ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉን ያጸደቀችው በ1881፣ ፊልድ 76 ዓመት ሲሞላው ነበር። በሕጉ መሠረት ክስ የተፈጸመውን ድርጊት በግልጽና ባጭሩ መናገር አለበት፤ የተከሳሹን መብት የማይጎዳ የአጻጻፍ ጉድለትም ክሱን አያፈርሰውም። ተከሳሹ ቢያምን እንኳ ወንጀሉ መፈጸሙን የሚያሳይ ተጨማሪ ማስረጃ ካልቀረበ በእምነት ቃሉ ብቻ ሊፈረድበት አይችልም። የግብረ አበር ምስክርነትም ብቻውን አይበቃም። ሕጉ በ1971 በሌላ እስኪተካ ድረስ ሠርቷል።

በጥብቅናው ፊልድ በሁለት መልክ ይታያል። በ1866 በጦር ፍርድ ቤት ሞት ለተፈረደበት ለላምብዲን ሚሊጋን ተከራክሮ ረታ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም መደበኛ ፍርድ ቤቶች ክፍት እስከሆኑ ድረስ ሲቪል ሰው በጦር ፍርድ ቤት ሊዳኝ እንደማይችል ወሰነ። በሌላ በኩል የባቡር ከበርቴዎቹ የጄይ ጉልድና የጂም ፊስክ፣ በኋላም በሙስና የተከሰሰው የኒው ዮርኩ ፖለቲከኛ የዊልያም ትዊድ ጠበቃ መሆኑ ከሙያ ባልደረቦቹ ብርቱ ነቀፌታ አስከትሎበታል።

ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በካሊፎርኒያ በ1872 ሲጸድቅ፣ በገዛ ክፍላገሩ ግን መቼም አልጸደቀም። ፊልድ በ1894 በኒው ዮርክ ከተማ አረፈ።