ሩዝቬልት፣ ማዕቀቡና የሞላሌው ዝናር

ሞላሌ በነበረው የአያቴ ቤት፣ ከባናው አጠገብ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አሮጌ ዝናር ነበር። በልጅነቴ የጥይት ማደሪያዎቹን እየቆጠርኩ እጫወትበት ነበር። አያቴ በ1928 ዓ.ም. ያንን ዝናር ታጥቀው ሲዘምቱ ጥይት የነበረው በጥቂቶቹ ብቻ ነው። በቀሩት ቆሎ ይዘውባቸው ሄዱ። ይህንን ሲያወሩኝ ይስቁ ነበር። እኔም አብሬ ስስቅ አደግሁ፤ ዝናሩ ለምን ባዶ እንደነበረ ማሰብ የጀመርኩት ሕግ ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

መልሱ አንድ አይደለም። ድህነታችን አለ፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ መሣሪያ እንዳይሸጥልን መከልከላቸው አለ። ከመልሶቹ አንዱ ግን ዋሽንግተን ላይ በአንድ ሰው ፊርማ የወጣ አዋጅ ነው። ሰውየው ፍራንክሊን ሩዝቬልት ይባላል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ከቸርችልና ከስታሊን ጋር አብሮ በተነሳው ፎቶግራፍ ነው። እኔ ዛሬ ሕይወቱን በፊርማው በኩል ላውጋችሁ። እሱ ከሞተ ከ76 ዓመት በኋላ ያ ዓይነቱ ፊርማ ተመልሶ ወደ እኛ መጥቷልና።

ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1882 በኒውዮርክ ግዛት፣ ሃይድ ፓርክ ውስጥ ከባለጸጋ ቤተሰብ ተወለደ። ሃርቫርድ ተማረ፤ ከዚያ ኮሎምቢያ ሕግ አጠና። የጥብቅና ፈተናውን ሲያልፍ ዲግሪውን ሳይጨርስ ትቶት ወጣ። በ1913 የባሕር ኃይል ረዳት ሚኒስትር ሆነ። በ1921፣ በ39 ዓመቱ፣ ፖሊዮ እግሮቹን አሽመደመደው። ሌላው ሰው ቢሆን ቤቱ ይቀመጥ ነበር። እሱ ግን የኒውዮርክ አገረ ገዥ ሆነ፤ መጋቢት 1933 ላይ ደግሞ ፕሬዚዳንት።

ሥልጣን የያዘው ባንኮች በየቦታው በሚወድቁበት ወቅት ነው። በሁለተኛው ቀን የአገሪቱን ባንኮች በሙሉ በአዋጅ ዘጋ። ሥልጣኑን ከየት አገኘው? በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1917፣ ከጠላት ጋር የሚደረግን ንግድ ለመቆጣጠር ከወጣ ሕግ። በ1933 ግን ጦርነትም ጠላትም አልነበረም። ኮንግረስ ከሦስት ቀን በኋላ ያደረገውን አጸደቀለት። ሕጉንም ፕሬዚዳንቱ አስቸኳይ ሁኔታ አለ ብሎ ካወጀ በሰላም ጊዜም እንዲሠራ አድርጎ አሻሻለው። ባንኮቹ ተከፈቱ፤ ሕዝቡም ተረጋጋ። ለፕሬዚዳንቶች የተከፈተው በር ግን እንደተከፈተ ቀረ።

የእኛ ጉዳይ የመጣው በ1935 ነው። ሩዝቬልት የፈለገው ወራሪውን ከተወራሪው ለይቶ መሣሪያ መከልከል የሚያስችል ሥልጣን ነበር። ኮንግረስ እምቢ አለው። በነሐሴ የወጣው የገለልተኝነት ሕግ ክልከላው ለተዋጊዎቹ ሁሉ እኩል እንዲሆን የሚያስገድድ ነበር። ሩዝቬልት ቅር እያለው ፈረመ።

ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻገረች። ከሁለት ቀን በኋላ የሩዝቬልት አዋጅ ወጣ፤ ለጣሊያንም ለኢትዮጵያም መሣሪያ መሸጥ ተከለከለ። በማግስቱ ደግሞ አሜሪካውያን በተዋጊዎቹ አገሮች መርከብ ቢጓዙ በገዛ ኃላፊነታቸው እንደሆነ ተነገራቸው።

ለእውነት ስንል፣ ሩዝቬልት ሊጎዳ ያሰበው ጣሊያንን ነበር። ኢትዮጵያ መንገደኛ የምታጓጉዝበት መርከብ አልነበራትም፤ ስለዚህ የጉዞው ማስጠንቀቂያ የሚነካው የጣሊያንን መርከቦች ብቻ ነው። ነገር ግን ጣሊያን መሣሪያዋን ራሷ ታመርታለች። ከውጭ የምትሻው ነዳጅ ነበር፤ ነዳጅ ደግሞ በክልከላው ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ነጋዴዎቹ በፈቃዳቸው እንዲታቀቡ ተለመኑ፤ ወደ ጣሊያን የሚጫነው የአሜሪካ ነዳጅ ግን ጨመረ። የመንግሥታቱ ማኅበር በዚያው ኅዳር የጀመረው ማዕቀብም ነዳጅን አልነካም። በወረቀት ላይ እኩል የሆነው ሕግ በተግባር የጎዳው መሣሪያ ፋብሪካ የሌለውን ነው።

በሰኔ 1936 ሩዝቬልት ጦርነቱ አብቅቷል ብሎ ክልከላውን አነሳ። መንዝ ላይ ግን ነገሩ ገና መጀመሩ ነበር። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በዘረት ዋሻ ከአርበኞች ጋር የተጠለሉ ቁስለኞች፣ ሴቶችና ሕፃናት በመርዝ ጋዝ አለቁ፤ በሕይወት የወጡት ወንዶችም ተረሸኑ። አሜሪካ የጣሊያንን ቅኝ ግዛት በሕግ ሳታውቀው መቆየቷን ግን ልንረሳላት አይገባም።

ሩዝቬልት ከዚያ ወዲህ እጁን የሚያስር ሕግ አልወደደም። በ1940 ጀርመን ዴንማርክንና ኖርዌይን ስትወር፣ በአሜሪካ ያለው ንብረታቸው በወራሪው እጅ እንዳይገባ በዚያው በ1917ቱ ሕግ አገደው። በሐምሌ 1941 የጃፓንን ንብረት አገደ። በየካቲት 1942 ደግሞ በአንድ ትዕዛዝ ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች፣ ከቤታቸው ተነቅለው ካምፕ እንዲገቡ መንገድ ከፈተ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1944 ደገፈው። ያ ፍርድ ስህተት እንደነበር ፍርድ ቤቱ የተናገረው በ2018 ነው፤ የተናገረውም ሶማሊያን ጨምሮ የበርካታ አገሮች ሰዎች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ ያገደውን የፕሬዚዳንት ትራምፕ አዋጅ ባጸደቀበት ፍርድ ውስጥ ነው!

የካቲት 1945 ላይ ሩዝቬልት ከጃንሆይ ጋር ግብፅ ውስጥ በመራራ ሐይቅ፣ ኩዊንሲ በተባለች የጦር መርከብ ላይ ተገናኘ። ጃንሆይ የባሕር በርንና የኤርትራን ነገር አነሱለት። ሰውየው ግን ደክሞ ነበር። ከሁለት ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 12፣ በ63 ዓመቱ ጆርጂያ ውስጥ ሞተ።

ሰው ይሞታል፤ አዋጅ ግን ካልሻሩት አይሞትም። በ1973 የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ መዝገብ ሲያገላብጥ በ1933 የታወጀው አስቸኳይ ሁኔታ ከ40 ዓመት በኋላም አለመሻሩን አገኘ። ኮንግረስ ደንግጦ በ1976 እና በ1977 ሁለት ሕጎች አወጣ። ሁለቱ ምክር ቤቶች ያለ ፕሬዚዳንቱ ፊርማ አዋጁን መሻር እንዲችሉም ደነገገ። በ1983 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይህ ዓይነቱን አሠራር ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አለ። ስለዚህ ፕሬዚዳንቱ እምቢ ካለ አዋጁን ለመሻር ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። ማወጅ ቀላል፣ መሻር ከባድ ሆነ ማለት ነው።

መስከረም 17 ቀን 2021 ፕሬዚዳንት ባይደን ስለ ኢትዮጵያ አስቸኳይ ሁኔታ ያወጁት በእነዚህ ሕጎች ነው። በሰሜኑ ጦርነት ተሳትፈዋል የሚባሉ ሰዎችንና ድርጅቶችን ንብረት ለማገድ፣ ሰዎቹም አሜሪካ እንዳይገቡ ለመከልከል ነው። ጦርነቱ በኅዳር 2022 በፕሪቶሪያ ስምምነት ቆመ። አዋጁ ግን በመስከረም 2023 እንደገና ታደሰ።

በአሜሪካ ብቻ መፍረድ ቀላል ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 93 በወረቀት ከእነሱ ይሻላል፤ አስቸኳይ ጊዜ ከስድስት ወር አያልፍም፣ ቢራዘምም በየአራት ወሩ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ሆኖም በአማራ ክልል በነሐሴ 2023 ታውጆ በየካቲት 2024 በተራዘመው አዋጅ ጊዜ፣ ወደ ሞላሌ ዘመድ ለመጠየቅ ሲያስብ መንገዱን የፈራ ሰው የወረቀቱን ጥሩነት ብቻ አይቶ አይጽናናም። ድምፅ የሚሰጠው ሰው ለምን ብሎ ካልጠየቀ ሁለት ሦስተኛ ቁጥር ብቻ ነው።

እንግዲህ ከሩዝቬልት ሕይወት የወሰድኩት ይህንን ነው። በ1935 እጁ ታስሮ ነበር፤ እኛ ተጎዳን። በ1942 እጁ ተፈትቶ ነበር፤ የገዛ ዜጎቹ ተጎዱ። ስለዚህ ስለማንኛውም የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን የምጠይቀው ማን ያውጃል ብቻ ብዬ አይደለም፤ ማን፣ መቼ፣ ለማን መልስ እየሰጠ ይዘጋዋል ብዬም ነው። የአያቴን ዝናር ባዶ ያደረገውን ሕግ ያወጡትም ሆነ የፈረመው ሰው ሞላሌ የት እንዳለች አያውቁም ነበር። ሕግ ደግሞ ሁልጊዜ የሚደርሰው ከፈራሚው ዓይን ርቆ ካለ ሰው ቤት ነው።