ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ካታሎግ እስከ ቤታችን ሣጥን

የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ስም ሲነሣ አብዛኞቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ደራሲነታቸውና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ነው። እኔ ግን በዚህች አጭር ጽሑፍ ላነሣ የምፈልገው ብዙም የማይወራለትን ሌላውን ሙያቸውን ነው፤ መዝጋቢነታቸውን። እሳቸው መጽሐፍን ከመጽሐፍ፣ ሰውን ከሰው እየለዩ በተራ ያስቀመጡ ሰው ናቸው። ይህን የማነሣው ለውዳሴ ያህል ብቻ አይደለም። የቤተሰባችንን ወረቀቶች በተራ ማስያዝና ማውጫ ማዘጋጀት ከጀመርኩ ወዲህ የገጠሙኝን ጥያቄዎች በእሳቸው ሕይወት ውስጥም ስላገኘኋቸው ነው።

ኅሩይ የተወለዱት በ1870 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ፣ መርሐቤቴ፣ ደን በሚባል ቦታ ነው። መጀመሪያ የወጣላቸው ስም ገብረ መስቀል ሲሆን ኅሩይ የተባሉት በኋላ ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት አድገው፣ እንጦጦ ራጉኤል ደርሰው፣ ከዚያም በብዕራቸው ወደ መንግሥት ሥራ ገቡ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። አንድ ሰው ሁለት ስም አለው ማለት ነው። በልጅነታቸው ዘመን «ገብረ መስቀል» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ቢገኝ፣ ነገሩን የማያውቅ ሰው ሌላ ሰው ነው ብሎ ያልፈዋል። በእኛ ቤት ሣጥን ውስጥም ነገሩ ያው ነው። ወንድ አያቴ በግብር ደረሰኙ ላይ በዓለም ስማቸው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ላይ ደግሞ በክርስትና ስማቸው ተጽፈዋል። ስለዚህ እኔ የያዝኩት ደንብ እንዲህ ነው፤ ዋናው ካርድ ሰውየው በይበልጥ በሚታወቅበት ስም ይጻፋል፤ ለሌላው ስም አጭር ካርድ ይዘጋጅና ወደ ዋናው ይመራል። በኅሩይ ምሳሌ «ገብረ መስቀል፦ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ተመልከት» ይላል። በቃ፣ ይኸው ነው።

የፊደሉም ነገር አለ። ስማቸውን አንዱ «ኅሩይ»፣ ሌላው «ሕሩይ»፣ ሦስተኛው «ህሩይ» ብሎ ይጽፈዋል። በሀ ሁ ተራ ካስቀመጥነው አንዱ መጀመሪያ ላይ፣ ሌላው ከ«ለ» ቀጥሎ፣ ሦስተኛው ከ«ቸ» በኋላ ይወድቃል። አንድ ሰው ሦስት ቦታ ተበተነ ማለት አይደል? ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንደዚሁ ናቸው። እኔ በማውጫው ላይ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ ቆጥሬ አስቀምጣለሁ፤ በካርዱ ውስጥ ግን ወረቀቱ ላይ እንደተጻፈው እገለብጣለሁ። ያ አጻጻፍ ራሱ ማስረጃ ነውና።

ወደ ኅሩይ እንመለስ። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙ የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍትን የሚዘረዝር ካታሎግ አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና አወጡት። በዚያ ዘመን መጽሐፍ በየገዳሙና በየሰው ቤት ተሸሽጎ የሚኖር ነገር ነበር። ያለንን ሳናውቅ ምን እንደጠፋብን ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ እኔም ሣጥኑን ስከፍት መጀመሪያ ያደረግሁት ማንበብ ሳይሆን መቁጠር ነው። ለእያንዳንዱ ወረቀት ከጀርባው ጥግ ላይ በእርሳስ ቀስ ብዬ ቁጥር ሰጠሁ። እስክሪብቶ ቀለሙ ያልፋል፤ የዛገ ስፒል ደግሞ ወረቀቱን ይበላል፤ ስለዚህ ስፒሎቹን ነቅዬ ወረቀቶቹን በፖስታ በፖስታ አደረግኋቸው። ከዚያም በደብተር ላይ ቁጥሩን፣ የወረቀቱን ዓይነት፣ ቀኑንና በውስጡ የተጠቀሱትን ሰዎች ጻፍኩ።

ሰዎቹን ማያያዝ ግን ሌላ ራስ ምታት ነው። ፈረንጆቹ የቤተሰብ ስም ስላላቸው ዘመዳሞች በማውጫው ላይ አንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። በእኛ ዘንድ ግን የአባት ስም በየትውልዱ ይለወጣል፤ ከሦስት ትውልድ በኋላ በስም የሚገናኝ ዘመድ አይገኝም። ለዚህ የረዳኝ ሚካኤል አይትሲንገር የተባለ ኦስትሪያዊ በ1590 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ያሳየው የቁጥር ዘዴ ነው። እኔ 1 ነኝ፤ አባቴ 2፣ እናቴ 3። የማንም ሰው አባት የሰውየው ቁጥር እጥፍ ነው፤ እናቱ ደግሞ እጥፉ ላይ አንድ ሲደመር። በዚህ ስሌት የእናቴ እናት 7 ይሆናሉ። ሰባት ቤት ድረስ ለመቁጠርም ይመቻል።

ኅሩይ በ1915 ዓ.ም. «የሕይወት ታሪክ» የተባለውን መጽሐፋቸውን አሳተሙ። በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ እንዲሆን ያዘጋጁት ሲሆን፣ የታወቁ ሰዎችን ሕይወት በአጭር በአጭሩ ይዟል። በዘመኑ ትልቅ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ የታወቁ ሰዎች መጽሐፍ ነው። ጠላ ጠምቀው ልጅ ያስተማሩት የእኛ አያቶች እዚያ ውስጥ የሉም፤ ሊኖሩም አይችሉም። የእነሱን ካርድ እኛ ካልጻፍነው ማንም አይጽፈውም። በሣጥኑ ካሉት ፎቶግራፎች አብዛኞቹ ከጀርባቸው ምንም አልተጻፈባቸውም። ማን ማን እንደሆነ የምታውቀው ሴት አያቴ ብቻ ናት፤ ዓይኗም እየደከመ ነው። ስለዚህ ከደብዳቤውና ከደረሰኙ በፊት ፎቶግራፎቹን አስቀድሜያለሁ። ወረቀት ይጠብቃል፤ ሰው ግን አይጠብቅም።

ከዚህ ቀጥሎ የማነሣው ነገር የኅሩይን አድናቂዎች ቅር ሊያሰኝ ይችል ይሆናል። በ1921 ዓ.ም. ባሳተሙት «ዋዜማ» ላይ የኢትዮጵያን ነገሥታት ከጥንት ጀምሮ በተራ ዘርዝረዋል። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ግን በጥንቱ ክፍል ካሉት ስሞች ብዙዎቹ ከግዕዝ ምንጭ ሳይሆን፣ ሉዊ ሞሪዬ በ1904 እ.ኤ.አ. ካሳተመው የፈረንሳይኛ መጽሐፍ የመጡ መሆናቸውን አሳይተዋል። ዝርዝሩ ሥርዓት አለው፤ ቁጥርና ዘመን አለው፤ ግን ተራ መያዝ ብቻውን እውነት አያደርገውም። እንግዲህ ለዚህ ነው በእያንዳንዱ ካርዴ ላይ «ከየት ተገኘ» የሚል መስመር የጨመርኩት። አያቴ የነገረችኝ ከሆነ «የቃል» ብዬ ቀኑን አስከትላለሁ፤ ከወረቀት ከሆነ የወረቀቱን ቁጥር እጽፋለሁ። ሁለቱ ካልተስማሙ ሁለቱንም አስቀምጣለሁ እንጂ አንዱን አልሰርዝም። ልብ በሉ፤ የኅሩይ ካታሎግ 1904 እና የሞሪዬ 1904 አንድ ዓመት አይደሉም። ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብሎ ያልለየ ካርድ ሰባት ስምንት ዓመት ያሳስታል።

የኅሩይ የመጨረሻ ዓመታት አሳዛኝ ናቸው። በ1903 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንጉሥ ዘውድ በዓል ለንደን፣ በ1911 ዓ.ም. አሜሪካ፣ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን በመልእክተኛነት የሄዱት ሰው፣ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አገር ሲይዝ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ። ለብዙ ጊዜ የደከሙበት ትልቁ የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፋቸው ያን ጊዜ ገና በኅትመት ላይ ስለነበር እንደታሰበው ለአንባቢ ሳይደርስ ቀረ። እሳቸውም በመስከረም 1931 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር፣ ባዝ ከተማ፣ በስደት ላይ እንዳሉ አረፉ። ካታሎጋቸውና «የሕይወት ታሪክ»ን የመሰሉት ቀደም ብለው ታትመው በየሰው እጅ ስለገቡ ተረፉ። ከዚህ የተማርኩት ቅጂ ማብዛትን ነው። ማውጫዬን በሦስት ቅጂ አዘጋጅቼ አንዱን አክስቴ ቤት፣ ሌላውን ክፍለ ሀገር ያለው አጎቴ ዘንድ አስቀምጫለሁ።

ለማጠቃለል ያህል፣ የቤተሰብ ወረቀት መዝግቦ ማስያዝ የጡረተኛ ሥራ የሚመስላቸው የክፍል ጓደኞች አሉኝ። ነገር ግን በዲፓርትመንታችን ስለ ምንጭና ማስረጃ የምንማረውን በእጃችን ለመሞከር ከዚህ የቀረበ መለማመጃ ያለ አይመስለኝም። ብዙ ወጪም የለውም። አንድ ደብተር፣ እርሳስና ጥቂት ፖስታ ይበቃል። ክረምት ላይ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ መጀመሪያ ፎቶግራፎቹን ይዛችሁ ከአያቶቻችሁ አጠገብ ተቀመጡ፤ ስሙን፣ ቦታውን፣ ማን እንደነገራችሁና መቼ እንደነገራችሁ ጻፉ። ሌላው በኋላ ይደርሳል።