ጄምስ ሆጋርት ፕሪንግል፦ የጉበትን ደም በጣታቸው ያቆሙት ሐኪም

ጄምስ ሆጋርት ፕሪንግል በስኮትላንድ የግላስጎው ከተማ ለረጅም ዓመታት የሠሩ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበሩ። ስማቸው ዛሬም በየቀዶ ጥገና ክፍሉ ይነሳል። ምክንያቱ አንድ ቀላል ዘዴ ነው፤ ጉበት በአደጋ ተሰንጥቆ ሲደማ ወደ ጉበት የሚገባውን ደም ከበሩ ላይ ጨምቆ መያዝ። ይህ አሠራር የፕሪንግል ዘዴ ይባላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትውልድና ትምህርት

ፕሪንግል በ1863 በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ አቅራቢያ በምትገኘው ፓራማታ ተወለዱ። አባታቸው ጆርጅ ሆጋርት ፕሪንግልም ሐኪም ነበሩ። አባትየው ቁስል እንዳያመረቅዝ በካርቦሊክ አሲድ የማጽዳትን የጆሴፍ ሊስተር አሠራር በአውስትራሊያ ቀድመው ከተጠቀሙት ሐኪሞች አንዱ ናቸው።

ልጅየው ወደ ብሪታንያ ተሻግረው በ1885 ከኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ከዚያም በግላስጎው ሮያል ኢንፈርመሪ ሆስፒታል በታዋቂው የቀዶ ጥገና ሐኪም በዊልያም ማክዊን ሥር ሠሩ። በ1896 በዚያው ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ሐኪም ሆነው ተሾሙ፤ እስከ 1923 ድረስም አገለገሉ። ግላስጎው በዚያ ዘመን የመርከብ መሥሪያ፣ የባቡርና የፋብሪካ ከተማ ስለነበረች አደጋ የደረሰባቸው ሠራተኞች ወደ ሆስፒታሎቿ መምጣታቸው የተለመደ ነበር።

የጉበት ጉዳት ለምን አስጊ ነው?

ጉበት በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንቶች ሥር የሚገኝ ትልቅ አካል ነው። በአዋቂ ሰው በየደቂቃው አንድ ሊትር ተኩል ያህል ደም ያልፍበታል፤ ይህም ልብ ከሚረጨው ደም ሩብ ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ከአንጀት ተነስቶ ፖርታል ቬን በሚባለው ትልቅ የደም ሥር ይመጣል። ቀሪው በጉበት ደም ቅዳ በኩል ይገባል።

ስለዚህ ጉበት በጥልቀት ሲሰነጠቅ ሆድ በአጭር ጊዜ በደም ይሞላል። ሐኪሙ ደሙን ቢጠርግም ወዲያው ይተካል፤ ደሙ ከየት እንደሚመጣ ማየት አይቻልም። የጉበት ሥጋም ለስላሳ ስለሆነ የስፌት ክር ሲጠብቅ ይቀደዳል። በፕሪንግል ዘመን ደግሞ የደም ባንክ አልነበረም። ታካሚው ያፈሰሰውን ደም መተካት ስለማይቻል የሚባክነው እያንዳንዱ ደቂቃ ሕይወት ያስከፍል ነበር።

የ1908ቱ ጽሑፍ

ፕሪንግል በ1908 በቀዶ ጥገና የሕክምና መጽሔት ላይ በአደጋ ምክንያት ከጉበት የሚፈስን ደም ስለማቆም አንድ ጽሑፍ አሳተሙ። ያቀረቡት የ8 ታካሚዎችን ታሪክ ነበር። 3ቱ ቀዶ ጥገና ሳይደረግላቸው ሞቱ፤ አንዱ ቀዶ ጥገናውን አልፈለገም። የቀሩት 4ቱ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፤ ነገር ግን አንዳቸውም አልተረፉም።

ሆኖም ፕሪንግል በቀዶ ጥገናው ወቅት አንድ ቁም ነገር ተገንዝበው ነበር። ወደ ጉበት የሚገቡት የደም ሥሮች በጣት ሲጨመቁ መድማቱ ይቆማል፤ የተጎዳው ቦታም ይታያል። ይህንኑ በጥንቸሎች ላይ ሞክረው የደም ሥሮቹ ለጊዜው ቢያዙም እንስሳቱ በሕይወት መቆየታቸውን አረጋገጡ። ታካሚዎቻቸው ባይድኑም ያዩትን ሳይደብቁ መጻፋቸው ለኋለኞቹ ሐኪሞች መንገድ ከፈተ።

ዘዴው እንዴት ይሠራል?

ፖርታል ቬን፣ የጉበት ደም ቅዳና የሐሞት ቱቦ በአንድነት ተጠቅልለው ወደ ጉበት ይገባሉ። ከጥቅሉ በስተኋላ ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ። ሐኪሙ አንድ ጣት በዚያ አስገብቶ በአውራ ጣቱ ከፊት በኩል ይጨምቃል፤ ወይም በመቆንጠጫ መሣሪያ ይይዘዋል።

ዘዴው ጉዳቱ የት እንዳለም ይጠቁማል። ጥቅሉ ተይዞ ደሙ ከቆመ የተጎዳው ወደ ጉበት ደም የሚያስገባው የደም ሥር ነው። ካልቆመ ግን ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ ከጉበት ጀርባ ባሉት ትልልቅ ደም መላሾች ላይ ነው፤ ይህም እጅግ አደገኛው ዓይነት ነው።

መጨመቅ በራሱ ፈውስ አይደለም። ጉበት ያለ ደም ለረጅም ጊዜ መቆየት ስለማይችል ሐኪሙ ባገኘው ጊዜ የሚደሙትን ሥሮች አንድ በአንድ ያስራል፣ ይሰፋል፣ ወይም ጉበቱን ዙሪያውን በጨርቅ ደግፎ ይጭናል። በቀጠሮ በሚደረግ የጉበት ዕጢ ቀዶ ጥገናም ዘዴው ያገለግላል፤ በዚያን ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ለ15 ደቂቃ ተይዞ ለ5 ደቂቃ ይለቀቃል።

ሌሎች ሥራዎቻቸው

ፕሪንግል ሜላኖማ የተባለውን የቆዳ ካንሰር በአቅራቢያው ካሉት የንፍፊት እጢዎች ጋር አንድ ላይ ቆርጦ ስለማውጣት ጽፈዋል። በ1913 ደግሞ የተበላሸን ደም ቅዳ ከራሱ ከታካሚው በተወሰደ ደም መላሽ ስለመተካት ሁለት ታካሚዎችን ጠቅሰው ዘግበዋል። በ1941 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ዛሬስ?

ዛሬ የደም ግፊታቸው የተረጋጋ አብዛኞቹ የጉበት ጉዳተኞች በሲቲ ስካን ተመርምረው ያለ ቀዶ ጥገና በቅርብ ክትትል ይድናሉ። አንዳንዴም የሚደማው ሥር በቀጭን ቱቦ አማካኝነት ከውስጥ ይዘጋል። ደም ሰጥተው እንኳ ግፊታቸው የማይረጋጋ ታካሚዎች ግን በፍጥነት ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል ይገባሉ፤ እዚያም የፕሪንግል ዘዴ ከመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች አንዱ ነው።

መቼ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል?

ከመኪና አደጋ፣ ከከፍታ ከመውደቅ ወይም ሆድ ላይ ከደረሰ ምት በኋላ የሚከተሉት ምልክቶች ከታዩ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፦

- በቀኝ የላይኛው ሆድ ወይም በቀኝ ትከሻ ላይ የሚሰማ ሕመም
- የሆድ መነፋት ወይም መጠንከር
- መገርጣት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ ፈጣን የልብ ምት
- ራስ ማዞር ወይም ራስን መሳት

ከውጭ ቁስል ባይታይም ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ሐኪም እስኪያያቸው ድረስ ለተጎጂው ምግብም ሆነ መጠጥ አይስጡ።