ቅዱስ አግናጥዮስ ምጥው ለአንበሳ

ውድ ተማሪዎች፣ በዚህ ትምህርት ስለ ቅዱስ ቁርባን ታላቅ ፍቅር ስለነበረው አባት ስለ ቅዱስ አግናጥዮስ ትማራላችሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ምጥው ለአንበሳ ትለዋለች፤ ለአንበሳ የተሰጠ ማለት ነው። እርሱ ግን በመልእክቶቹ መግቢያ ራሱን ቴዎፎሮስ ብሎ ይጠራ ነበር፤ ይህም በግሪክኛ እግዚአብሔርን የተሸከመ ማለት ነው። የሮም ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ይህን አባት ታከብረዋለች።

ሕይወቱና ሹመቱ

ጌታችን አንድ ሕፃን ጠርቶ በደቀ መዛሙርቱ መካከል ማቆሙን ታስታውሳላችሁ። ያ ሕፃን አግናጥዮስ ነበረ ተብሎ በትውፊት ይነገራል። በኋላም ከአውድዮስ ቀጥሎ በአንጾኪያ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ተሾመ። አንጾኪያ የጥንት ሶርያ ታላቅ ከተማ ነበረች፤ ዛሬ በቱርክ አገር ትገኛለች። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 እንደተጻፈው፣ አማኞች መጀመሪያ ክርስቲያን ተብለው የተጠሩት በዚህች ከተማ ነው።

ስለ ቅዱስ ቁርባን ያስተማረው

በዘመኑ ጌታ ሰው የሆነው በምትሐት ነው፣ መስሎ ታየ እንጂ እውነተኛ ሥጋ አልለበሰም የሚሉ መናፍቃን ተነሥተው ነበር። ጌታ እውነተኛ ሥጋ ከሌለው በመስቀል ላይ የተቆረሰው ምንድን ነው? በመሠዊያው ላይ የሚሰጠንስ ምንድን ነው? መናፍቃኑ ይህን ስለካዱ ከቅዱስ ቁርባን ራቁ።

ቅዱስ አግናጥዮስ በዚህ እጅግ አዘነ። እነዚህ ሰዎች የተሰጣቸውን ስጦታ በገዛ እጃቸው እንደገፉ ተናገረ። ቅዱስ ቁርባን ስለ እኛ መከራ የተቀበለው የጌታ ሥጋ እንደሆነ፣ ለሚቀበሉትም ሞትን የሚያሸንፍ መድኃኒት እንደሆነ አስተማረ። ምእመናንም ተለያይተው እንዳይሰበሰቡ፣ መሠዊያው አንድ ጽዋውም አንድ ስለሆነ በኤጲስ ቆጶሳቸው ዙሪያ አንድ እንዲሆኑ መከራቸው።

እስራቱና መልእክቶቹ

ከ98 እስከ 117 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በነገሠው በሮም ንጉሥ በትራጃን ዘመን ቅዱስ አግናጥዮስ ታሰረ። ወደ ሮም ተወስዶ ለአራዊት እንዲሰጥም ተፈረደበት። አሥር ወታደሮች እየጠበቁ ወሰዱት። ደግነት ባሳዩአቸው መጠን ይከፉ ስለነበር በነብር መስሏቸዋል።

ሰምርኔስ በደረሰ ጊዜ የወንጌላዊው ዮሐንስ ደቀ መዝሙር ቅዱስ ፖሊካርፐስ በፍቅር ተቀበለው። ከኤፌሶን፣ ከማግኔዥያና ከትራሌስም ኤጲስ ቆጶሳቱ ሊጠይቁት መጡ። እርሱም በሰንሰለት እንደታሰረ ለእነዚህ ለሦስቱ ከተሞችና ለሮም ክርስቲያኖች መልእክት ጻፈ። ከዚያም ጢሮአዳ ሲደርስ ለፊልድልፍያ፣ ለሰምርኔስና ለፖሊካርፐስ ሦስት መልእክት ጨመረ። ሰባቱም ዛሬ ድረስ ይነበባሉ። ቤተ ክርስቲያን በግሪክኛ ካቶሊኬ፣ ማለትም ኵላዊት፣ ተብላ ተጽፋ መጀመሪያ የምትገኘው ለሰምርኔስ በላከው መልእክት ነው።

ስንዴውና እንጀራው

የሮም ክርስቲያኖች ከሞት ሊያድኑት ቢሞክሩ ኖሮ ምን ያደርግ ነበር? እርሱ አስቀድሞ እንዳያስቀሩት ለመናቸው። ራሱን በእግዚአብሔር ስንዴ መሰለ፤ የአራዊቱም ጥርስ እንደ ወፍጮ ፈጭቶት ለክርስቶስ ንጹሕ እንጀራ እንደሚሆን ጻፈላቸው።

ልጆች፣ ይህን ምሳሌ ልብ በሉ። ስንዴ ሳይፈጭ ዱቄት አይሆንም፤ ዱቄቱም እሳት ካልነካው ኅብስት አይሆንም። በቤተ ልሔም ለመሥዋዕት የሚዘጋጀው ኅብስት በዚህ መንገድ ያልፋል። ቅዱስ አግናጥዮስ ዘመኑን ሁሉ በመሠዊያው ፊት ቆሞ የጌታን ሥጋ ለሕዝቡ ሲያቀብል ኖረ። በመጨረሻም ስጦታውን የተቀበለው እርሱ ራሱ ስጦታ ሆነ።

በ107 ዓ.ም. ገደማ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በሮም ለአራዊት ተሰጥቶ በሰማዕትነት ዐረፈ። ከሥጋው የቀረውን አጥንት ምእመናን ሰብስበው ወደ አንጾኪያ እንደወሰዱት ይነገራል። ቤተ ክርስቲያናችን ታኅሣሥ 24 ቀን ታስበዋለች።

ከሕይወቱ ምን እንማራለን?

ወንዶች በ40፣ ሴቶች በ80 ቀናችሁ ተጠምቃችሁ በእናቶቻችሁ እቅፍ ሥጋ ወደሙን ተቀብላችኋል። ከፍ ስንል ግን ብዙዎቻችን ወደ ኋላ እንላለን። ቅዳሴ አስቀድሰን፣ ካህኑ ሲያቀብል ቆመን አይተን እንመለሳለን። አንዳንዶችም ቁርባን ለሽማግሌዎችና ለሕፃናት ብቻ የተሰጠ ይመስላቸዋል። መናፍቃኑ በክሕደት የራቁትን ማዕድ እኛ በቸልታ እንዳንርቀው እንጠንቀቅ።

ምናልባት፦ እኔ አልበቃሁም ትሉ ይሆናል። በራሱ የበቃ ማንም የለም። ደመወዝ ለሠራ ይከፈላል፤ ስጦታ ግን ለተወደደ ይሰጣል። ይሁን እንጂ ንጉሥ የጋበዘው ሰው በቆሸሸ ልብስ አይገባም። ስለዚህ ለንስሐ አባታችሁ ኃጢአታችሁን ተናገሩ፤ ከተጣላችሁት ጋር ታረቁ፤ 18 ሰዓት ጹማችሁ በፍርሃትና በደስታ ቅረቡ። ከተቀበላችሁም በኋላ ለወላጆቻችሁ በመታዘዝና ለተቸገረ በማካፈል እናንተም ለሌላው እንጀራ ሁኑ።

መልመጃ

1. ምጥው ለአንበሳና ቴዎፎሮስ የሚሉት ስሞች ትርጉማቸው ምንድን ነው?
2. መናፍቃኑ ከቅዱስ ቁርባን የራቁት ለምንድን ነው?
3. ቅዱስ አግናጥዮስ ራሱን በስንዴ የመሰለው ለምንድን ነው?
4. ሥጋ ወደሙን ለመቀበል ከዛሬ ጀምራችሁ ምን ታዘጋጃላችሁ? ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።