የቪክቶር ሃራ ሸክላ

ከ1973 በፊት ታትሞ እዚያው ቺሊ የቆየ የቪክቶር ሃራ ሸክላ ዛሬ በእጁ የገባ ሰው፣ ቢጫርና ቢንሿሿ እንኳ አይናቀው እንላለን። አንድ ሰው ደብቆ ያተረፈው ነውና። (ዓመታቱን የጻፍነው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ቪክቶር የተወለደው በ1932 ነው። አባቱ ማኑዌል የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። እናቱ አማንዳ ግን ጊታር እየመታች በሠርግም በለቅሶም ታዜም ነበር፤ ሙያው ከእሷ ነው የመጣው። እናቱ ስትሞት ቄስ ልሁን ብሎ ዘርዓ ክህነት ገባ፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ ተወው። ከውትድርና ግዴታው በኋላ በቺሊ ዩኒቨርሲቲ ትያትር ተማረ። ተዋናይ፣ ቀጥሎም ስመ ጥር አዘጋጅ ሆነ።

ቪዮሌታ ፓራ የምትባል የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢ ናት ዝፈን ብላ ያደፋፈረችው። በ1969 ስለ አንዲት ላብ አደር ፍቅር የዘፈነው ዘፈን የታወቀ ነው፤ የፍቅረኞቹ ስም አማንዳና ማኑዌል፣ ማለትም የእናትና የአባቱ ነው። በ1970 የትያትር አዘጋጅነቱን ትቶ ወደ ዘፈኑ ዞረ። ለ1972ቱ ሸክላ ደግሞ መሬት ይዘው ጎጆ ከቀለሱ ድሆች መንደር ሄዶ አነጋገራቸው፤ ድምፃቸውንም ከዘፈኑ ጋር ቀዳው። እኛ ለመስክ ሥራ ስንላክ ጥያቄ በወረቀት ሞልተን እንመለሳለን፤ እሱ ግን ቁጭ ብሎ ሰማ።

መስከረም 11 ቀን 1973 የጦር መኮንኖች የአየንዴን መንግሥት ሲገለብጡ፣ ቪክቶር በሚሠራበት የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ከተማሪዎችና ከመምህራን ጋር ነበር። በማግስቱ ሁሉንም ነድተው ስታዲየም አጎሯቸው። ቪክቶርን ለይተው ደበደቡት፣ እጆቹን ቀጠቀጡ፣ ከጥቂት ቀን በኋላም ገደሉት። አስከሬኑ ላይ ከ40 በላይ የጥይት ቁስል ተገኘ። ባለቤቱ ጆን፣ እንግሊዛዊት የዳንስ መምህርት፣ ሬሳ ቤት ገብታ ለየችው፤ ቀብሩ በጭምጭምታ አለፈ።

ስታዲየሙ ከ2003 ጀምሮ በስሙ ይጠራል። ፍርዱ ግን ዘገየ፤ የቺሊ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰባት የቀድሞ መኮንኖች ላይ የተላለፈውን ቅጣት ያጸናው በ2023፣ ልክ በ50 ዓመቱ ነው።

ወታደሮቹ ዘፈኖቹንም አልማሩም። ሸክላ ቤት መገኘቱ ራሱ አደጋ ሆነ፤ ያቃጠለም አለ፣ የደበቀም አለ። ጆን ግን ዋናዎቹን የድምፅ ክሮች ከአገር አስወጣች። በውጭ አገር እንደገና የታተሙት ከነዚያ ነው።