ሕገ ኦሪትን ወደ ቤተ ሰብ ማዕድ ያቀረበው ሊቅ ሙሴ ወልደ ማይሞን

ኢየሩሳሌም በ70 ዓ.ም. በሮማውያን እጅ ወድቃ ቤተ መቅደሷ ከተቃጠለ ወዲህ አይሁድ መሥዋዕት የሚሠዉበት ስፍራ አልቀረላቸውም። በዓላቱ ግን አልጠፉም፤ ከመቅደስ ወጥተው ወደ ቤት ገቡ። ሰንበት በመብራት፣ ፋሲካ በቂጣና በመራራ ቅጠል፣ በዓለ መጸለትም በየቤቱ አጠገብ በሚሠራ ዳስ ይከበር ጀመር። ነገር ግን ይህ ሁሉ እንዴት እንደሚፈጸም የሚያስረዳው የሊቃውንቱ ቃል በታልሙድ ውስጥ ተበታትኖ ስለ ነበር፣ ዕድሜውን በትምህርት ያልፈጀ ሰው ሊያገኘው አይችልም ነበር። ይህን ሰብስቦ ለማንኛውም ሰው ያቀረበውን የሙሴ ወልደ ማይሞንን ሕይወት በዚህ ጽሑፍ እንናገራለን። አይሁድ ራምባም፣ አውሮፓውያንም ማይሞኒድስ ይሉታል። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልን።

ሙሴ በ1138 ዓ.ም. ገደማ በእስፓንያ፣ በቆርዶባ ከተማ ተወለደ። አባቱ ማይሞን የአይሁድ ዳኛና መምህር ነበረና ልጁን ሕግ ያስተማረው እርሱ ራሱ ነው። በ1148 ዓ.ም. ከሰሜን አፍሪካ የተነሡት አልሞሃድ የተባሉት የእስላም ነገሥታት ከተማይቱን ይዘው አይሁዱንም ክርስቲያኑንም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ያስገድዱ ጀመር። የማይሞንም ቤተ ሰብ ተሰዶ ብዙ ዓመት ከተንከራተተ በኋላ በሞሮኮ፣ በፌዝ ከተማ ተቀመጠ። ወጣቱ ሙሴ በዚህ ሁሉ ስደት መካከል፣ በየብስና በባሕር እየተጓዘ፣ የሚሽናን ትርጓሜ ይጽፍ ነበር።

በ1165 ዓ.ም. ከፌዝ ወደ ቅድስት ሀገር ሲሻገሩ ታላቅ ማዕበል ተነሣባቸው። ከሞት በዳኑም ጊዜ ሙሴ ያን ቀን በየዓመቱ ከቤተ ሰቡ ጋራ በጾም ሊያስበው ተሳለ፤ ኢየሩሳሌም ገብቶ የጸለየበትን ቀን ደግሞ ለራሱ የደስታ በዓል አደረገው። ከዚያም ወደ ግብፅ ወርደው ከካይሮ አጠገብ በፉስጣጥ ተቀመጡ። ለሀገራችን ጳጳስ ይልክ የነበረው የእስክንድርያው ፓትርያርክም በዚያ ዘመን መቀመጫው በዚሁ አካባቢ ነበር።

ሙሴ ትምህርተ ሕግን የእንጀራ መብያ ማድረግን አጥብቆ ይጠላ ነበር። የጥንት ሊቃውንት እንጨት እየፈለጡ፣ ውሃ እየቀዱ ይኖሩ እንደ ነበር በማስታወስ፣ በመምህርነት ስም ከሕዝብ ገንዘብ የሚቀበሉትን በጽሑፉ ይወቅስ ነበር። እኛ የመሠዊያ አገልጋይ ከመሠዊያው እንዲኖር የሐዋርያውን ትምህርት የያዝን ስለ ሆንን በዚህ ነገር ከእርሱ ጋራ አንስማማም፤ ነገር ግን ስለ አሳቡ ዋጋ የከፈለ ሰው መሆኑን መካድ አይገባም። ታናሽ ወንድሙ ዳዊት የዕንቍ ነጋዴ ነበረ፤ ቤቱን የሚመግበው እርሱ ስለ ነበር ሙሴ ያለ አሳብ ለመጻሕፍቱ ተለይቶ ይኖር ነበር። ግብፅ ከገቡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ዳዊት የቤተ ሰቡንና የሌሎችንም ሰዎች ገንዘብ ይዞ ለንግድ ሲሄድ በህንድ ውቅያኖስ ሰጠመ። ሚስቱና ትንሽ ልጁም በሙሴ እጅ ቀሩ። ሙሴ ከኀዘን የተነሣ አንድ ዓመት ያህል ታሞ በአልጋ ላይ ዋለ። በተነሣም ጊዜ ከሕዝብ ደመወዝ አልለመነም፤ በሕክምና ሊኖር ቈረጠ እንጂ። ኋላም የሱልጣን ሳላዲን አማካሪ የነበረው አል ፋዲል ሐኪሙ አደረገው።

ዐሥር ዓመት ያህል ደክሞ በ1178 ዓ.ም. ገደማ ሚሽኔ ቶራ የተባለውን 14 ክፍል ያለውን መጽሐፍ ፈጸመ። የጻፈውም በታልሙድ አረማይስጥ ሳይሆን ግልጽ በሆነ ዕብራይስጥ ነው። በዚህ መጽሐፍ ጥቂት እንቈይ። ስለ ፋሲካ ሌሊት ሲያስተምር፣ አባት ለልጁ የነጻነቱን ታሪክ እንደ ልጁ አእምሮ መጠን እንዲነግረው ያዝዛል፤ ልጁ ሕፃን ቢሆን በቤት ያለውን ባርያ እያሳየ፣ አባቶቻቸው በግብፅ እንዲሁ እንደ ነበሩ እንዲያስረዳው ነው። በዓመት በዓል ደጁን ዘግቶ ከቤተ ሰቡ ጋራ ብቻ የሚበላውን፣ ድኻውንና ልቡ ያዘነውን የማያስበውን ሰው ይነቅፋል፤ ደስታውንም የሆድ እንጂ የሕግ ደስታ አድርጎ አይቈጥርለትም። በአስቴር መታሰቢያ በፉሪምም ገበታን ከማስፋት ይልቅ ለድኾች መስጠትን ማብዛት እንደሚሻል ወስኗል። ምጽዋትንም በስምንት ደረጃ ከፍሎ፣ ከሁሉ በላይ ያደረገው የወደቀውን ሰው በብድር ወይም በሥራ አቁሞ ከልመና የሚያድነውን ነው።

ለመቅደስ መታደስ በዓል፣ ለሐኑካ፣ በምጽዋት የሚኖር ሰው እንኳ ልብሱን ሸጦ ዘይት እንዲገዛ ያዝዛል። ነገር ግን አንድ ሰው ያለው ገንዘብ ለአንድ መብራት ብቻ የሚበቃ ቢሆንና ሐኑካና ሰንበት ቢገናኙበት፣ ሙሴ የሚያስቀድመው የሰንበቱን የቤት መብራት ነው። በጨለማ የተቀመጠ ቤተ ሰብ ሰላም ስለሌለው፣ ሕጉም ለሰላም የተሰጠ ስለ ሆነ ነው። ከመጽሐፉ ሁሉ እኛን ያስደነቀን ይህ ፍርድ ነው።

ባሕረ ሐሳብ ለተማረ አንባቢም የሚያስደስት ክፍል አለበት። ስለ ሠርቀ ወርኅ በጻፈው ውስጥ፣ በ19 ዓመት ሰባት ጊዜ ወር እየተጨመረ የጨረቃና የፀሐይ ዓመት የሚስማማበትን ስሌት ይዘረዝራል። በዓለ መጥቅዕንና ጾመ አይሁድን በቍጥር የምናወጣው እኛም በዚሁ በ19 ዓመት ንኡስ ቀመር እንሄዳለን።

በመጽሐፉ የቀደሙትን ሊቃውንት ስም እየጠቀሰ ማስረጃ ስላላቀረበ፣ በፕሮቫንስ የነበረው አብርሃም ወልደ ዳዊት በብርቱ ተቃወመው። ነቀፋው ከንቱ አልነበረም፤ የነገሩን ምንጭ የማያውቅ ተማሪ ሊመረምር አይችልምና። ስለ ፍልስፍና በዓረብኛ የጻፈው መጽሐፍ ያስነሣው ክርክር ደግሞ ከዚህም ይበልጣል፤ እርሱ ግን ለብቻው ሌላ ጽሑፍ ይሻል።

በ1199 ዓ.ም. ለአንድ ተርጓሚ በጻፈው ደብዳቤ የዕለት ኑሮውን ገልጿል። ከቤቱ እስከ ቤተ መንግሥቱ ያለውን ርቀት ሲለካ ሁለት የሰንበት መንገድ ያህል ነው አለ፤ ይኸውም ደብረ ዘይት ከኢየሩሳሌም የሚርቅበት እጥፍ መሆኑን የግብረ ሐዋርያት አንባቢ ይረዳዋል። በየማለዳው ወደዚያ ሄዶ ሕሙማኑን ይጎበኛል፤ ከቀትር በኋላ ተርቦ ሲመለስ ቤቱ በአይሁድና በአሕዛብ ሕሙማን ተሞልቶ ያገኘዋል። ጥቂት እንዲታገሡት ለምኖ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ የሚበላውን ጥቂት ምግብ ይቀምሳል፤ ከዚያም እስከ ሌሊት፣ ከድካም የተነሣ ተጋድሞ ሳይቀር፣ መድኃኒት ያዝዛል። በሰንበት ግን ከጸሎት በኋላ ማኅበሩ ሁሉ ወደ ቤቱ ይመጣል፤ በሳምንቱ የሚያደርጉትን ያስተምራቸዋል፤ እስከ ቀትርም አብረው ያነባሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ከሰዓት በኋላ ተመልሰው እስከ ማታ ያነባሉ። ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ሲደርስ ሰንበት እንዲሻር፣ ሥራውንም ሕፃናት ሳይሆኑ ታላላቆቹና ሊቃውንቱ ራሳቸው እንዲሠሩት በመጽሐፉ የወሰነው ይኸው ሐኪም ነው።

ሙሴ በታኅሣሥ ወር 1204 ዓ.ም. በፉስጣጥ ዐረፈ። የማኅበሩንም መሪነት ልጁ አብርሃም ወረሰ። መቃብሩ በገሊላ ባሕር ዳር በጥብርያዶስ እንደሆነ በትውፊት ይነገራል፤ አይሁድም እስከ ዛሬ ወደዚያ እየሄዱ ይጸልያሉ።